የወይዘሮ ሰኒያ ሦስት ቀስቶች

ወንድሜ ሰፍወት መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነው። ሚስቱ ነጅላእ ለበዓል ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ "እንዴት ነው?" ስትለው፣ "ትከሻው ላይ ጠቦሻል፤ ከኋላም አጥሯል" ብሎ ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ቤት የበላ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ግብጽ፣ ዚፍታ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሸመደድ የኖረውን ውሸት የጻፈው እሱ ነው። ያቀበልኩት ደግሞ እኔ፣ እህቱ ኢንሺራህ ነኝ።

አባታችን ከዓባይ ወንዝ ማዶ፣ ሚት ገምር በምትባለው ከተማ፣ የአልሙኒየም ማንቆርቆሪያ ይሠራ ነበር። ከሥራ ድልድዩን ተሻግሮ ሲመጣ ጣቶቹ አመድ የነኩ ይመስላሉ። ሰፍወት በልጅነቱ እነዚያን ጣቶች አንድ ቀን በሎሚ፣ አንድ ቀን በሆምጣጤ፣ አንድ ቀን በሳሙና እያሸ የትኛው እንደሚያስለቅቅ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። አባቴ "ይሄ ልጅ እጄን ልጦ ሊጨርሰው ነው" እያለ እጁን ይሰጠዋል። እንዲህ አድርጎ ኬሚስትሪ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቤታችን ሥር ባለው የድሮ የጥጥ መጋዘን ሁለት መቶ የመልቀቂያ ተፈታኞች አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ይጠብቁታል።

ባሌ ከሞተ ወዲህ የመጋዘኑ በር የእኔ ነው። ወንዶቹን በግራ፣ ሴቶቹን በቀኝ አስቀምጣለሁ፤ ስልክና የሱፍ ፍሬ እቀማለሁ። መንገዱ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያም ያሠራሁት እኔ ነኝ። "ኡስታዝ ሰፍወት፣ የኬሚስትሪው ዓሣ ነባሪ" ይላል፤ አታሚው ዓሣ ነባሪ ስሎ የሰፍወትን መነጽር አድርጎለታል። ጥጉ ላይ ያለው የፊዚክስ መምህር "ንጉሠ ነገሥት" ብሎ ሲለጥፍ እኛ ዝም ልንል ነበር? ሰፍወት ያየው ዕለት አፍሮ በጓሮ በር ነው የገባው።

ዝናው ግን ከማስታወቂያው የመጣ አይደለም። ከጥያቄዎቹ ነው። "ቁጥር ብቻውን ከተማሪ ራስ ውስጥ አያድርም፣ ዘመድ ስጡት" ይላል። እሱ ባዘጋጀው የጥያቄ ጥራዝ ውስጥ ሰው የሌለበት ጥያቄ የለም። የቡና ቤቱ ባለቤት በዩሚ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ድንጋይ አብጅቶበታል፤ ሃያ አምስት ግራም ነው፤ ሆምጣጤ ቢያፈስበት ስንት ግራም ጋዝ ይወጣል? አሥራ አንድ። በዩሚ ይህን ከሰማ በኋላ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ከኔ ማንቆርቆሪያ አሥራ አንድ ግራም ጋዝ ወጥቷል፣ መጽሐፍ ላይ አለ" እያለ ይኩራራል። ከሁለት ነገሮች ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው እንደሆነ ለማስተማር ደግሞ ሃያ ዳቦና አሥራ አምስት ጠዕሚያ፣ የባቄላ ጥብስ፣ ይዞ ይገባል። አሥራ አምስት ተማሪ ይበላል፤ አምስቱ ደረቅ ዳቦ ይዘው ይቀራሉ። እነዚያ አምስቱ ትምህርቱን እስኪሞቱ አይረሱትም።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበረው፤ በየቀኑ፣ ለሁሉም፦ "ስሌቱን ያላሳየ መልስ ዜሮ ነው። እኔ ብናገረውም አትመኑ። መንገዱን አሳዩኝ በሉ።"

ወይዘሮ ሰኒያ የተወለደችው እኛ በረንዳ ላይ ነው። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ በጋ ነው፤ እኔ ለወጥ የሚሆን የሙሉኺያ ቅጠል እቀነጥባለሁ፣ ነጅላእ ውስጥ ሆና የመጀመሪያ ልጃቸውን ታጠባለች፣ ሰፍወት ደግሞ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ስለ ጨረር አመንጪ ነገሮች ጥያቄ ይጽፋል። እነዚህ ነገሮች እያደር በራሳቸው ያልቃሉ፤ በየተወሰነ ጊዜው ግማሻቸው ይሄዳል፣ ያንን ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይሉታል። ለአዮዲን ስምንት ቀን ነው። እያንዳንዱን ስምንት ቀን በቀስት ያሳያል፤ ሰማንያ፣ ቀስት፣ አርባ፣ ቀስት፣ ሃያ።

"ዘመድ አጣሁለት" አለኝ።

"ሴት አድርገው" አልኩት። "የእንቅርት ሕመም ያለባት ሴት። የሚት ገምር የአክስታችን ልጅ አዮዲኑን ጠጥታው የለ? ልጇን ሳታጠባ ከረመች አይደል የተባለው።"

ደስ አለው። ጻፈ። "ወይዘሮ ሰኒያ የእንቅርት ሕመም ስለያዛት ሰማንያ ሚሊግራም ጨረር አመንጪ አዮዲን ጠጣች።" ከዚያ ብዕሩን ነከሰ። "ስንት ሲቀር ልጇን ታጥባ?"

ነጅላእ ጋ ልጁ እያለቀሰ ነበር። እኔም የቅጠሉን ሣህን አነሳሁና፣ "ሴትዮዋን ምን አሰቃያት፣ ሦስት ቀስት ይበቃታል" ብዬው ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ።

በቃ። እንዲህ ነው የሆነው። "አንድ ስምንተኛው ብቻ ሲቀር ልጇን ማጥባት ትችላለች። ከስንት ቀን በኋላ ነው?" መልስ፦ ሃያ አራት ቀን። ገጽ ስድሳ ሦስት፣ ጥያቄ አሥራ አራት። ከዚያ ወዲህ ጥራዙ ሃያ ስድስት ጊዜ ታተመ፤ ወይዘሮ ሰኒያ አንድ ቃል አልተለወጠባትም። መንገድ ላይ ተማሪዎች ሲገናኙ "ሰኒያ አጠባች?" "አጠባች፣ በሃያ አራት" ይባባላሉ።

ሽሩቅ የዚህች የሰኒያ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ እርሳሷን በምላጭ የምትቀርጽ፣ ሰፍወት አንድ መስመር ቢዘል እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች። "ኡስታዝ፣ መንገዱን አላሳዩንም" ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ እንደዚያ ቀን የሚደሰትበት ቀን የለም። በመልቀቂያው ኬሚስትሪን ከስድሳ ስድሳ አመጣች። ፎቶዋን ከዓሣ ነባሪው ጎን ለጠፍኩት። ከዚያ ኮሌጅ ጨርሳ አገባችና ድልድዩን ተሻግራ ሚት ገምር ገባች፤ ዚያድ የሚባል ልጅ ወለደች። ከወለደች በኋላ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ልቧ ይመታል፣ ሰውነቷ አለቀ ሲባል ሰምተን ነበር። እንቅርት ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋብን።

ያን ዕለት ግንቦት ነው፤ ለፈተና ሁለት ሳምንት ቀርቷል። መጋዘኑ ውስጥ መተንፈሻ የለም። የሰፍወት ስልክ ሲያስተምር እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ መልእክት መጣ፤ አነበብኩት።

"ኡስታዜ፣ ሽሩቅ ነኝ፣ ስድሳ ከስድሳ። ወይዘሮ ሰኒያ ሆኜልዎታለሁ። አዮዲኑን ከጠጣሁ ዛሬ ሃያ አራት ቀኔ ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛው ቀስት ያልቃል። ዚያድ እናቴ ቤት ነበር፣ ዛሬ መጣልኝ። ሐኪሙ ጨርሶ አታጠቢው ብሎኝ ነበር፤ ለምን ስለው ግን ምንም ስሌት አላሳየኝም። እርስዎ ባያስተምሩኝ ኖሮ አምኜው ወተቴን አደርቀው ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።"

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ተማሪ እንዲህ አስታውሶ ሲጽፍ ማን ይጠላል? እሱም ደስ ይበለው ብዬ ስልኩን ይዤ በአግዳሚዎቹ መሃል ተሽሎክልኬ ሄድኩና ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ አውጥቶ አነበበ። ደገመው። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

"አርባ አምስት። ምን ሆነሃል?"

"ደውይላት።"

ደወልኩ። አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ሁለት መቶ ልጆች ያዩናል። ሰፍወት ጠመኔውን እንደያዘ ወጣ፤ እየተናገረ የነበረውን ዓረፍተ ነገር እንኳ አልጨረሰም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ክፍል ጥሎ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው። እናታችን የሞተች ዕለት እንኳ ትምህርቱን ጨርሶ ነው የሄደው። ያኔ ነው ነገሩ አደጋ መሆኑ የገባኝ።

ባጃጅ አቁመን ገባን፤ የባሏን ቤት ሠርጓ ላይ ስለሄድኩ አውቀዋለሁ። ድልድዩ ላይ ስንወጣ የሳር ጋሪና ሚኒባስ ተላትመው መንገዱ ተዘግቷል። ሰፍወት ታንታ ከተማ ሆስፒታል ወደሚሠራ የድሮ ተማሪው፣ ወደ ዶክተር ወጂህ ደወለ፤ የባጃጁ ጩኸት ስለማያሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"ወጂህ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንቅርት የታከመች ሴት አዮዲን ከጠጣች በኋላ መቼ ነው የምታጠባው?"

ወጂህ ሳቀ። "ኡስታዝ፣ ይሄማ የወይዘሮ ሰኒያ ጥያቄ ነው። ሃያ አራት።"

"ቀልድ አይደለም፤ እውነተኛ ሴት ናት።"

ሳቁ ተቋረጠ። "ያንን ልጅ ዳግመኛ አታጠባም። ስንት ቀን የሚባል ነገር የለውም፣ ኡስታዝ። የሕፃን እንቅርት አዮዲኑን ከወተቱ ይስበዋል፤ ይቃጠላል። ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ላይ ሊወድቅ ይችላል። የምታጠባው ለሚቀጥለው ልጅ ነው። ማን ነው ቀን የነገራት?"

ሰፍወት ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። "ሰማንያ ሚሊግራም ትክክል ነው?" አለው በጠፋ ድምፅ።

"ሰማንያ? ሰማንያ ብትጠጣ እኮ ሰኒያ ሳምንት አትሰነብትም። የምንሰጠው በዓይን የማይታይ ነው። እኔ ሁልጊዜ ለጨዋታ የጻፉት ይመስለኝ ነበር፣ ኡስታዝ። ሁላችንም በሱ ነው ያለፍነው፤ ማን ይጠይቃል?"

ስልኩን ዘጋው። ጠመኔው እጁ ውስጥ ደቆ ሱሪው ላይ ይረግፋል። "ከየት አመጣሁት?" አለ። "ኢንሺራህ፣ አንድ ስምንተኛን ከየት አመጣሁት? መጽሐፍ አይቼ መሆን አለበት። ዝም ብዬ አልጽፍም እኔ። ከየት አመጣሁት?"

እኔ ወንዙን አየሁ። የሙሉኺያው ሣህን፣ የበረንዳው ሙቀት፣ የዚያ ልጅ ልቅሶ እንደ ዛሬ መጣብኝ። ድልድዩን ተሻግረን እስክንጨርስ አንድ ቃል አልወጣኝም፤ ይህን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልወደውም።

የአምስት ደቂቃውን መንገድ በሠላሳ ደቂቃ ደረስን። የቀረውን በእግራችን ነው የሮጥነው፤ እሱ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እኔ ሃምሳ ሰባት። ሦስተኛ ፎቅ። በሩን የከፈተችው አማቷ ሐጃ ረቲባ ናት፤ አዲስ ጋላቢያ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከኋላዋ ለደስታ ቀን የሚጠጣው የሽርበት ብርጭቆ በትሪ ተደርድሯል።

"ዓሣ ነባሪው ራሱ" አለች። "ቤታችን እንዴት በራ። ልጅቷ ሃያ አራት ቀን ሙሉ ያንተን ስም ስትጠራ ነው የከረመችው፤ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ጠጣ።"

"ሽሩቅ የት ናት?"

"ጓዳ ናት፣ ከልጇ ጋር። ምን አስቸኮለህ? ቀዝቀዝ በል እንጂ ወንድሜ፣ ላብህ ይድረቅ።"

"አጥብታዋለች?"

ሐጃ ረቲባ ደርቃ ቀረች። እንግዳ ወንድ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ በሰው ሚስት ጡት ጉዳይ እንዲህ ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም። "አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?" አለችው። እኔ ገፋ አድርጌያት አለፍኩ። ሰፍወት መግባት አይችልም፤ የጓዳው መጋረጃ ጋ ሲደርስ ግድግዳ እንደመታ ሰው ቆመ። ከዚያ ባለ በሌለ ድምፁ፣ በፈተና ቀን በሚጮኸው ጩኸት፣ "ሽሩቅ ዐብዱልጀዋድ! ብዕር ይቀመጥ!" አለ።

መጋረጃውን ገልጬ ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የቀሚሷ ቁልፍ ተፈትቷል፣ ልጁ ጭኗ ላይ ሆኖ አፉን እያገላበጠ ይፈልጋል። ስልኳ ትራስ ላይ ተደግፎ ሰዓት ያሳያል፤ ድምፁን ዘግታዋለች። የወንድሜን ጩኸት እንደሰማች፣ እንደዚያ ዘመን፣ ሁለት እጇን ከፍ አደረገች። ልጁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ባልይዘው ይወድቅ ነበር። ሰዓቱ አሥር ከሃያ ሁለት ይላል። ሽሩቅ ሽሩቅ ስለሆነች፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማታጭበረብር ልጅ ስለሆነች፣ ስምንቱን ደቂቃ እየጠበቀች ነበር።

ቀሚሷን ቆልፋ፣ ሻርፗን ጥላ ወጣች። ሰፍወት ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል፤ ሐጃ ረቲባ አሁን ውሃ ይዛለታለች።

"ኡስታዝ፣ ምን ሆኑ? ተሳሳትኩ?"

"አልተሳሳትሽም።"

"ሰማንያ፣ አርባ፣ ሃያ፣ አሥር። ሦስት ቀስት። ሦስት በስምንት..."

"ሃያ አራት ነው፣ ልጄ። ስሌቱ ትክክል ነው። ጥያቄው ነው ውሸት። እኔ ፈጥሬው ነው።"

ቀረብ አለችው። "የቱን ነው የፈጠሩት?"

"አንድ ስምንተኛ ሲቀር ታጥባ የሚለውን። እንደዚያ የሚባል ነገር የለም። ሰኒያ የምትባል ሴትም የለችም። የሐኪሙ ወረቀት ምን ይላል?"

ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣችው፤ በማሽን የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ነው። "ይህን ልጅ ዳግመኛ አያጥቡ" ይላል፤ አንድ መስመር ብቻ። ሽሩቅ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ "ምክንያቱን አልጻፈም" አለች። "እርስዎ እኮ ነዎት ስሌቱን ያላሳየ መልስ አትመኑ ያሉን። ሐኪሙ አላሳየኝም። እርስዎ አሳይተውኛል። ገጽ ስድሳ ሦስት።"

ወንድሜን በዚያ ሁሉ ዓመት ተማሪ እንዲህ ሲመታው አላየሁም። 

"ሃያ አራት ቀን ሙሉ እያለብኩ ደፋሁት" አለች ቀጥላ። አሁን ድምፅዋ ተሰበረ። "በቀን ስድስት ጊዜ፣ እንዳይነጥፍብኝ። ከመጠጣቴ በፊትም ጡት አስጥያለሁ ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ። ጡቴ ቆስሏል፣ እትዬ ኢንሺራህ። ታዲያ ከእንግዲህ ስንት ቀን ይቀረኛል?"

"ቀን የለውም" አልኳት። ሌላ የሚባል ነገር አላገኘሁም። ሐጃ ረቲባ ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ልጅቷን አቀፈቻት፤ ልጁን ደግሞ ዛሬ ይዛው የመጣችው የሽሩቅ እናት ከእኔ ተቀብላ ጡጦ ልትሰጠው ወደ ማዕድ ቤት ወሰደችው። እኔም ቆሜ አለቀስኩ፤ በራሴ ተናድጄም ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ሽሩቅ ድንገት ቀና አለች። ዐይኗ ፈጠጠ።

"ነዒማ" አለች።

"ነዒማ ማን ናት?"

"ወረፋ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠችው። ከገጠር የመጣች፤ የአምስት ወር ሴት ልጅ አለቻት። እሷ ከእኔ በፊት ነው ቀጠሮ የነበራት፣ ለመመርመር ነበር የተመለሰችው። አዮዲኑን አራት ቀን ቀድማኝ ጠጥታለች።" ወደ ወንድሜ ዞረች። "ታለቅስ ነበር። እኔ ነኝ የነገርኳት፤ ቀስቶቹን መዳፏ ላይ ስያለሁ። ሃያ አራትን ጻፍኩላት። ኡስታዝ፣ ሃያ አራቱ ካለፋት አራት ቀን ሆኗታል።"

ሽሩቅ ስልኩን ይዛ ቁጥሩን አወጣች። ሰፍወት ተቀብሏት ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ጠራ፤ ጠራ። በመጨረሻ የዶሮ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ።

"ማን ልበል?"

"ነዒማ፣ ሽሩቅ ነኝ፣ ሆስፒታል የተገናኘነው። ልጅሽን... ልጅሽን አጥብተሻል?"

"ምን?"

"ሃያ አራት ብዬሽ ነበር፣ እጅሽ ላይ ጽፌልሽ። ስሕተት ነው። አጥብተሻታል ወይ?"

"ያ ሥዕል? የኔ እናት፣ እሱማ ያኔውኑ ልብስ ሳጥብ ለቀቀ።" ሳል አለች። "ደግሞ እኔ የቀስት ነገር ምን ይገባኛል? ፊደል አልቆጠርኩ። ሐኪሙ ይቺን ልጅ አታጠቢ አለኝ፣ አላጠባሁም። ያለቀስኩትም ለዚያ ነዋ፣ ወተቴን ካደረቅሁት ቆይቻለሁ። የለማዳ ጎሽ ወተት በጥብጬ እየሰጠኋት ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ተቆጣኝ፣ የቆርቆሮውን ስጫት አለኝ። እሱንም ገዛሁ። አንቺስ፣ የኔ ቆንጆ? እንዳልሽው በሃያ አራት አጠባሽ?"

ሽሩቅ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። "አላጠባችም" አልኩ በእሷ ፈንታ።

"እሰይ" አለች ነዒማ። "እኔማ ያን ሁሉ ስትጽፊ ሳይ፣ ይቺ ልጅ ተምራለች፣ ከሐኪሙ ታውቃለች ብዬ ነበር። ማጥባቱን ፈርቼ እንጂ ልሰማሽ ነበር።"

ስንመለስ ድልድዩ ተከፍቷል። ያኔ ነገርኩት። "ሰፍወት፣ ሦስት ቀስት ይበቃታል ያልኩህ እኔ ነኝ፣ በረንዳው ላይ፣ ሙሉኺያ ስቀነጥብ" አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "አንቺ ሙሉኺያ ነበር የያዝሽው" አለኝ በመጨረሻ፤ "ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።" ይህን ያለኝ ሊያጽናናኝ ይሁን ሊቆጣኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መጋዘኑ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። አንድም ልጅ አልሄደም። ሁለት መቶዎቹ ስልካቸው እኔ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ ሰው ሞቷል ብለው ደንግጠው፣ እንደተቀመጡ ጠብቀውናል። ሰፍወት ሰሌዳው ፊት ቆመ። የጀመረውን ዓረፍተ ነገር አልጨረሰም።

"ገጽ ስድሳ ሦስት አውጡ" አለ። ወረቀት ተንኮሻኮሸ። "ጥያቄ አሥራ አራት። ሰኒያን ታውቋታላችሁ። ሰኒያ ውሸት ናት። አንድ ስምንተኛው ሲቀር አጥቢ የሚል ሐኪም በዓለም ላይ የለም። ሰማንያ ሚሊግራም የሚያጠጣም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ ጥያቄው እንዲያምር። ዛሬ አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ በዚህ ጥያቄ ልጇን ልትጎዳ ስምንት ደቂቃ ቀርቷት ደረስንባት። ስድሳ ከስድሳ ያመጣች ልጅ ናት፤ ፎቶዋ ውጭ ተለጥፏል።"

እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። እጄን አወጣሁ፣ ልክ እንደ ተማሪ። "ሦስት ቀስት ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ሁልጊዜ እኔ ስናገር የሚሳለቁት የኋላ አግዳሚ ወንዶች እንኳ አቀርቅረው ነበር። ከዚያ ውጭ ምን እንደምጨምር ስላላወቅሁ እጄን አወረድኩ።

ሰፍወት ጠመኔ ፈለገ፤ አጣ። ፊት ወንበር ላይ፣ የድሮዋ ሽሩቅ ቦታ ላይ የምትቀመጠው ማርዋ እጇን አወጣች።

"ኡስታዝ፣ ታዲያ ፈተና ላይ ቢመጣ ምን ብለን እንጻፍ?"

ወንድሜ ወደ እሷ ዞረ። መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነው ብያለሁ።

"ሃያ አራት" አለ። "ፈተና ላይ ሃያ አራት ነው። ልጅ ስትወልጂ ግን ሐኪሙን ትሰሚያለሽ፤ ስሌቱን ባያሳይሽም ትሰሚያለሽ። ይህንንም ጻፉ።"

ሁለት መቶ ብዕር ጎንበስ አለ። እኔ ስልክ ልመልስ ሣጥኑን ይዤ በመሃላቸው ሳልፍ የማርዋን ገጽ አየሁት። ጥያቄ አሥራ አራት ጎን "24" ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ በቀይ ሁለት መስመር አስምራበታለች። ሌላ ምንም አልጻፈችም።